ሰባት ቤት ሳይቆጠር

ስለ አማርኛ ግጥም ሊቃውንቱ ብዙ ይላሉ፤ ተራው አድማጭ ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ቤት ይመታል ወይ?» ይላል። ቤት የሚመታ ከሆነ ጆሮውን ይሰጣል። የማይመታ ከሆነ ግን ሐሳቡ የቱንም ያህል ቢመጥቅ «ይኼማ ወግ ነው» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ነገሩ በዘፈን ላይ ይበልጥ ይጠብቃል። የዘፈን ግጥም በጆሮ የሚያልፍ ነው፤ ጆሮ ደግሞ እንደ ዐይን ወደ ኋላ ተመልሶ ገጽ አይገልጥም። ስለዚህ ለዜማ የሚጽፍ ሰው ከቤት ጋር ሲታገል ይኖራል።

ዛሬ ላነሣ የወደድሁት ከዚህ ትግል አንዱን ገጽታ ብቻ ነው፤ የረጃጅሞቹን ረቂቅ ስሞች ጉዳይ። ነፃነት፣ አንድነት፣ እኩልነት፣ ኃላፊነት፣ ተጠያቂነት፣ ሰብአዊነት፣ ሉዓላዊነት። የግጥም ወዳጆቼ «ለእነዚህ ቃላት ቤት ማግኘት አበሳ ነው» ሲሉ እሰማለሁ። ለእኔ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስለኛል። ለእነዚህ ቃላት ቤት ማግኘት ከመጠን በላይ ቀላል ነው፤ ጉዳቱም የሚመነጨው ከዚሁ ቅለት ነው።

እስቲ ቀረብ ብለን እንመልከት። «ነት» የምትባለው ቅጥያ በቅጽልም በስምም ጫፍ ላይ እየተቀጠለች ረቂቅ ስም ታወጣለች። ደግ ለሚለው ደግነት፣ ነፃ ለሚለው ነፃነት፣ ዜጋ ለሚለው ዜግነት ትሰጠናለች። ለቋንቋችን ያላት ውለታ ትልቅ ነው፤ ያለ እርሷ ሕግም ፍልስፍናም መጻፍ ባስቸገረ ነበር። ነገር ግን በዚህች ቅጥያ የሚያልቁ ቃላት ሁሉ በአንድ ድምፅ ስለሚያልቁ እርስ በርሳቸው ያለ ምንም ድካም ቤት ይመታሉ። ነፃነትን ከአንድነት፣ አንድነትን ከእኩልነት ጋር ለማጋጠም ጥበብ አይጠይቅም፤ ሥራውን የሠራው ገጣሚው ሳይሆን ሰዋስው ነውና።

በአገራችን ወግ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሎች ዘር ይቆጥራሉ፤ ሰባት ቤት ያልራቁ ሰዎች አይጋቡም። ቋንቋችን «ቤት» የሚለውን ቃል ለትውልድ ቆጠራም ለግጥምም መስጠቱ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ነትና ነት የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሰባት ቤት ሳይቆጠር ተጋቡ ማለት ነው። ግጥም ቤት ሲመታ የምንደሰተው ሁለት የማይተዋወቁ ነገሮች በድንገት ዘመድ ሆነው ስለምናገኛቸው ነው። ወንድምና እኅት ተያይዘው ቢመጡ ግን የሚደንቀው የለም፤ እልልታውም ከልብ አይወጣም።

ረቂቅነት በራሱ ኃጢአት ነው እያልሁ አይደለም። ማስረጃዬ ትዝታ ነው። ከትዝታ የበለጠ ረቂቅ ነገር ምን አለ? አይጨበጥም፣ አይታይም። ሆኖም ከአራቱ ታላላቅ የዜማ ቅኝቶቻችን ማለትም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ መካከል አንዱ በስሙ ይጠራል፤ ስንት ትውልድ አንጎራጉሮታል። ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም የቤቱ ነገር አንዱ ይመስለኛል። ትዝታ የሚለው ቃል ጎረቤቶቹ እነማን ናቸው? ማታ፣ ቦታ፣ ጌታ፣ ደስታ ናቸው። «መጥታ»፣ «ቀርታ»፣ «ሰምታ»፣ «ተኝታ» የሚሉት ግሦችም ደጁ ላይ ቆመዋል። እንግዲህ ትዝታን የሚዘፍን ሰው ሳይወድ በግድ ወደ ማታው፣ ወደ ቦታው፣ መጥታ ወደ ሄደችው ሴት ይመራል ማለት ነው። ቃሉ ረቂቅ ቢሆንም የሚኖረው ከሚጨበጡ ነገሮች ሰፈር ነው። በዚያ ላይ በአናባቢ ስለሚያልቅ ዘፋኙ ትንፋሹ እስኪያልቅ ሊስበው ይችላል። «ነት» ግን በ«ት» ይዘጋል፤ ት ደግሞ አይሳብም። ዘፋኙ የሚስበው «ነ»ን ነው፤ በመጨረሻ በሩን ዘግቶ ይወጣል።

ሁለተኛው ችግር ርዝመቱ ነው። ባለቅኔው መንግሥቱ ለማ እ.ኤ.አ. በ1963 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ስለ አማርኛ ግጥም ስልት በጻፉት ጥናት እንዳመለከቱት ግጥማችን የሚለካው በቀለም ቁጥር ነው፤ ቀለም ስንል በአፍ ሲነገር ተነጥሎ የሚሰማውን የድምፅ ክፍል ማለታችን ነው። ቡሄ በሉ አራት በአራት፣ ሰንጎ መገን አምስት በአምስት፣ የወል ቤት ደግሞ ስድስት በስድስት ይሄዳል። ብዙው ዘፈናችን የሚሄደው በወል ቤት ነው። አንድ ግማሽ ስንኝ ስድስት ቀለም ብቻ አለው ማለት ነው። ነፃነት ሦስቱን ይበላል። ሉዓላዊነት አምስቱን ይበላል።

ታሪክም ምሳሌ ይሰጠናል። ደርግ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የአገሪቱን አዲስ መንገድ ሲያውጅ የተጠቀመበት ቃል «ኅብረተሰባዊነት» የሚል ነበር። ቁጠሩት፤ ሰባት ቀለም ነው። ከግማሽ ስንኝ ይበልጣል፤ በወል ቤት ላስገባው የሚል ገጣሚ ወይ ቃሉን ይሰብራል ወይ ዜማውን ይሰብራል። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በ1966 ዓ.ም. የወጣው «ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚለው መፈክር ግን ግሥ አለው፣ ባለቤት አለው፣ አጭር ነው፤ የዚያ ዘመን ልጆች ዛሬም ከአፋቸው አልጠፋም። በመንገዱ መልካምነት ወይም ክፋት ላይ መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። የማነሣው ቃል ከአፍ ጋር ያለውን ዝምድና ብቻ ነው።

ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይህን ሸክም እንዴት እንደሚያወርደው ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የጸደቀው የአሁኑ ብሔራዊ መዝሙራችን አለ። ግጥሙ የአቶ ደረጀ መላኩ መንገሻ፣ ዜማው የአቶ ሰሎሞን ሉሉ ምትኩ ነው። የመንግሥት መዝሙር ነውና ረቂቅ ስም አይቀርለትም። ገጣሚው ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች ዜግነትንና ሕዝባዊነትን በስንኙ የፊት ግማሽ አስቀምጠው ቤቱን በግሥ ይመታሉ። ከባዱ ዕቃ ከመካከል፣ ቀላሉ ከጫፍ ማለት ነው፤ አህያ የሚጭን ሰው የሚያውቀው ጥበብ ነው። በሚቀጥሉት ሁለት ስንኞች ግን ነፃነት ከአንድነት ጋር ጫፍ ላይ ይገናኛሉ። ፍርዱን ለአንባቢ ጆሮ እተወዋለሁ፤ ለእኔ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይዘምራሉ፣ ኋለኞቹ ሁለቱ ያስታውቃሉ።

ይህን ሁሉ እንድል ያነሣሣኝ የቅርብ ነገር ነው። እዚህ ራቤል ውስጥ በአማተርነት ግጥም እንደምጽፍ የሚያውቁ ሰዎች አሉና፣ አንድ መሥሪያ ቤት ለበዓሉ ተማሪዎች በኅብረት የሚዘምሩት ግጥም እንድጽፍ ጠየቀኝ። ከጥያቄው ጋር «እነዚህ እንዳይቀሩ» የሚል ዝርዝር መጣ፤ ተደራሽነት፣ ቀጣይነት፣ ውጤታማነት፣ አሳታፊነት፣ ግልጽነት። ቤት ለመምታት ከዚህ የቀለለ ዝርዝር የለም፤ በአንድ የሻይ ሰዓት ሁለት ገጽ ይሞላል። እኔ በነዚህ ፈንታ ስለ መንገድ፣ ስለ ምንጭ ውኃና ስለ ገብስ ማሳ ጽፌ ሰጠሁ፤ «መልእክት ይጎድለዋል» ተብሎ ተመለሰልኝ። በበዓሉ ዕለት ሌላ ሰው የጻፈው ተዘመረ። የሚከተለውን ስንኝ ለምሳሌ ያህል እኔው የሠራሁት ነው፤ ዓይነቱ ግን ለማንም እንግዳ አይሆንም፤

በጀግኖቻችን ደም በቆመ ነፃነት፣
እንገሰግሳለን ሁላችን ባንድነት።

ምን ጎደለው? ምጣኔው ልክ ነው፤ ስድስት በስድስት ነው። ቤቱም ይመታል። ነገር ግን ጀግናው ማን እንደሆነ፣ ደሙ የት እንደ ፈሰሰ፣ ግስጋሴው ወዴት እንደሆነ አይታወቅም። በባንክ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች «ስንቅ የሌለው ቼክ» የሚባል ነገር እናውቃለን። ወረቀቱ ያምራል፣ ፊርማው ትክክል ነው፣ ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ በስተኋላው ግን የሚከፈል ገንዘብ የለም። ሕጉ ለገንዘቡ «ስንቅ» የሚለውን የመንገደኛ ቃል መምረጡ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ስንቅ ያልያዘ መንገደኛ ከደጅ ይመለሳል። ነትን በነት የሚመታ ስንኝም እንዲሁ ነው፤ ጆሮ ላይ ደርሶ ወደ ልብ ሳይገባ ይመለሳል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ቃላቱን ከዘፈን እናባርር ወይ? አይደለም። ነፃነትን የማይዘፍን ሕዝብ የለም። መፍትሔው ጋብቻውን ማራቅ ነው፤ ለዚህም ቋንቋችን ሦስት በር ከፍቶልናል።

የመጀመሪያው በር በ«ነት» የሚያልቁ ነገር ግን ቅጥያ ያልሆኑ ቃላት ናቸው። እምነት «አመነ» ከሚለው፣ ጭነት «ጫነ» ከሚለው፣ ፍጥነት «ፈጠነ» ከሚለው ግሥ የወጡ ናቸው፤ በእነዚህ ውስጥ ያለው «ነ» የሥሩ ፊደል እንጂ የተቀጠለ አይደለም። ድምፁ አንድ፣ ዘሩ ሌላ። ነፃነትን ከአንድነት ጋር ከማጋባት ከጭነት ጋር ማጋባት ይሻላል፤ ወዲያው አህያ፣ ወዲያው ጫንቃ፣ ወዲያው «ማን ይሸከመዋል?» የሚል ጥያቄ ይመጣል።

ሁለተኛው በር ባለቤት መስጠት ነው። ነፃነት ብቻውን ሲቆም የማንም አይደለም። «ነፃነቴ» ሲባል ግን ቤቱ ወደ እናቴ፣ ወደ ቤቴ፣ ወደ አባቴ ይዞራል። «ነፃነቱ» ሲባል ወደ ሞቱ፣ ወደ ከብቱ፣ ወደ ሚስቱ ይዞራል። አንዲት የባለቤትነት ድምፅ ስትጨመር የቃሉ ጎረቤት ሁሉ ሰው ይሆናል።

ሦስተኛውና ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው በር «ለት» እና «በት» ነው። አማርኛ በግሡ ጫፍ ላይ ነገሩ ለማን እንደተደረገና በማን ላይ እንደተደረገ የሚናገር ትንሽ ድምፅ ያስቀምጣል። ዳኛ ፈረደለት እና ዳኛ ፈረደበት ሁለት ዓለም ናቸው። ደረሰለት ማለት ረዳው፣ ደረሰበት ማለት አገኘው፣ ጎዳው ማለት ነው። ደረሰለት፣ ደረሰበት፣ ሞተለት፣ መሸበት፤ ሁሉም በግዕዝ ድምፅ ሄደው በ«ት» ይዘጋሉ፤ ልክ እንደ «ነት»። በአማርኛ ወግ ቤት የሚመታው የመጨረሻው ፊደል ነውና «ት» ከ«ት» ጋር መግጠሙ ይበቃል፤ ከፊቱ ያለው አናባቢ ሲመሳሰል ደግሞ ጆሮ ሳይቅማማ ይቀበለዋል። ዘፋኙ የሚስበው ድምፅም ያው ነው። እንግዲህ እነዚያ ረጃጅም ስሞች በተፈጥሮ የተሰጣቸው የትዳር ጓደኛ «ለማን?» እና «በማን ላይ?» የሚሉት ጥያቄዎች ናቸው ማለት ነው። ለሙከራ ያህል፤

አሳዩኝ አገሩን፣ ቤቱን የነፃነት፣
ወንድሜ በብርድ ሜዳ የቀረለት።

ስለ ተጠያቂነትም እንዲሁ ሞክሬአለሁ። «የተጠያቂነት» ሲባል በትክክል ስድስት ቀለም ነው፤ ግማሽ ስንኝ ብቻውን ይሞላል፤

ወንበሩን አየሁት የተጠያቂነት፣
ድኻ ቆሞ ውሎ ቀኑ የመሸበት።

እነዚህ ታላቅ ግጥሞች ናቸው አልልም። ነገር ግን በመጀመሪያው ስንኝ የመጣው ትልቅ ቃል በሁለተኛው ስንኝ ሒሳቡን ይጠየቃል፤ ብርድ የበላው ወንድምና ደጅ የጠና ድኻ ይመጡበታል። ያንኑ የመሥሪያ ቤቱን ቃል፣ ተደራሽነትን እንኳ ብንወስድ ሥሩ «ደረሰ» ነው። ደረሰለት ወይስ ደረሰበት? ዘፈን ይህን ቢጠይቅ ኖሮ በዓሉ ላይ የተቀመጠው አርሶ አደር ከወንበሩ ቀና ባለ ነበር።

ከውጭ ስለ መጡት ቃላት አንድ ነገር ልበልና ወደ ማጠቃለያዬ ልለፍ። ዲሞክራሲን ስንኝ ጫፍ ላይ ያስቀመጠ ሰው የሚያገኛቸው ጎረቤቶች ታክሲ፣ ፖሊሲና ኤምባሲ ናቸው፤ ሁሉም እንደ እርሱ ባሕር ተሻግረው የመጡ። ሶሻሊዝም ጎረቤቱ «ዝም» ነው፤ በዚህ ላይ ሐተታ አልጨምርም። ግሎባላይዜሽንና ዲጂታላይዜሽን ግን ዕድለኞች ናቸው፤ «ዐይንሽን»፣ «ፀጉርሽን»፣ «ልጅሽን» የሚሉት ሁሉ ይጠብቋቸዋል። የፍቅር ዘፈን ጸሐፊ ሊሥቅባቸውም ሊያለቅስባቸውም ይችላል። በውጭው ዓለምም ችግሩ ያው ነው፤ እንግሊዝኛም በ«ሽን» የሚያልቁ ረቂቅ ስሞቹ እንደ እኛ «ነት» እርስ በርስ በቀላሉ ይገጥማሉ፤ በዚያም ቅለቱ ያው ወጥመድ ነው።

«ዜማው ይሸፍነዋል፤ ሕዝቡ ቃሉን አይሰማም» የሚሉኝ ይኖራሉ። አልቀበልም። የእኛ አድማጭ ሰምና ወርቅ ሲፈትሽ የኖረ ነው፤ ባይናገርም ይሰማል። «ትልልቅ ሐሳብ በትልልቅ ቃል ካልሆነ አይገለጽም» የሚሉም አሉ። ለእነርሱ የምመልሰው በታላላቆቹ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1966 ዓ.ም. ለታተመው መድበላቸው የሰጡት ስም «እሳት ወይ አበባ» የሚል ነው፤ በሁለት የሚታዩ ነገሮች ስንት ረቂቅ ሐሳብ ተሸከሙ! የአካባቢያችን የሰሜን ሸዋ ልጅ ከበደ ሚካኤልም በ«ታሪክና ምሳሌ» ትዕቢትንና ብልኅነትን ሊያስተምሩ ሲነሡ አንደበቱን ለአራዊት ሰጡ። ቃሉን ሳይጠሩ ነገሩን አሳዩ።

ይህ ጉዳይ ለእኔ የግጥም ስልት ክርክር ብቻ አይደለም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰሜን ሸዋን ዘልቆ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመንም ለዚህ ደጋ ዕረፍት አልሰጠውም። በነዚህ ዓመታት ከድምፅ ማጉያ የሰማናቸው ዘፈኖች በነት የተሞሉ ነበሩ፤ ከየወገኑ፣ በየስሙ፣ ግን በዚያው ቤት። ለቅሶ ቤት ስንሄድ የሰማነው ግን ሌላ ነበር። በመንዝም በግሼም አልቃሽ ስትቆም ነት አትጠራም። የሟቹን ስም፣ ደጁን፣ በሬዎቹን፣ ያልታጨደውን ገብሱን ትጠራለች፤ ስንኟንም በ«ለት» እና በ«በት» ትዘጋለች። ማን አለቀሰለት? የት መሸበት? ትምህርት ቤት ሳትገባ ይህን ሥነ ግጥም የምታውቀው ሬሳው ፊቷ ስላለ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች የሚናገሩት ስለ አንድ ሰው ሞት ነው፤ ግን አይተዋወቁም። የዘፈን ገጣሚ ሥራ እነርሱን ማስተዋወቅ ይመስለኛል። ነፃነት የሚለው ቃል ከአልቃሿ ስንኝ ጋር ቤት መምታት ካልቻለ፣ ወይ ቃሉ ውሸት ነው ወይ ገጣሚው ሰንፏል።

ስለዚህ ለዜማ የምትጽፉ ወዳጆቼ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ረጅም ስም ስንኛችሁ ጫፍ ላይ ሲቀመጥ እኅቱን ፍለጋ አትቸኩሉ። ሽማግሌ ጥሩ፤ ዘር ይቆጠር። ለማን እንደሆነ፣ በማን ላይ እንደሆነ ጠይቁት። መልስ ካለው ቤቱን ራሱ ያመጣላችኋል። መልስ ከሌለው ግን ያ ቃል ገና ለዘፈን አልደረሰም፤ ለስብሰባ ተውት።

ቸር እንሰንብት።